በዱቤ የመጣ ኔትወርክ፦ የሁዋዌና የዜድቲኢ ታሪክ ከብልባላ ሲታይ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2021 ክረምት ጦርነቱ ላስታ ሲገባ ስልክ ጠፋ። እናቴ ብልባላ ነበረች፣ እኔ አዲስ አበባ። ጠዋት እደውላለሁ፣ ማታ እደውላለሁ፤ የሚመልስልኝ ያው የተቀዳ ድምፅ ነው። በሕይወት መኖሯን የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ፣ በእግሩ ወጥቶ ደሴ ከደረሰ አንድ የአገራችን ልጅ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለው ዝምታ የተለመደ ነበር። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መርዶም ምሥራችም የሚደርሰው በደብዳቤ ወይም በመንገደኛ ነው። «ለምን አልደወለም?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። የሞባይሉ ማማ ከቆመ በኋላ ግን የዝምታ ትርጉሙ ተለወጠ። ሰው ያልለመደውን አይናፍቅም፤ የለመደውን ሲያጣ ነው የሚያመው።

ያን ሰሞን አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ይመላለስ ነበር። እንደ ብልባላ ላሉ ተራራማ የገጠር ከተሞች ኔትወርክ ያመጣው ማን ነው? በማን ገንዘብ? ለምንስ ስዊድኖቹ ወይም ፈረንሳዮቹ ሳይሆኑ ቻይኖች ሆኑ? ስለ ሁዋዌና ዜድቲኢ እዚህ ሰፈር ስንከራከር ወይ «እየሰለሉን ነው» እንላለን፣ ወይ «አለሙን» እንላለን። ሁለቱም ወገን የሚያነሳው እውነት አለው። ነገር ግን የእነዚህ ኩባንያዎች ታሪክ ለእኛ የያዘው ትልቁ ትምህርት ከሁለቱም ክርክር ውጭ ያለ ይመስለኛል።

▪️ የመምህሩ ልጅ

የሁዋዌ መሥራች ሬን ዠንግፌይ የተወለደው በ1944 ጉይጆ በሚባል የቻይና ግዛት ነው። ጉይጆ ተራራማና ድሃ አገር ነው፤ ላስታን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። አባቱ መምህር፣ ቤተሰቡ ሰባት ልጆች ያሉት። በ1959 እና በ1961 መካከል ቻይናን በመታው ረሃብ እናቱ ምግብ እየመጠኑ ያከፋፍሉ እንደነበር ራሱ ጽፏል። በኋላ በጦር ሠራዊቱ የምህንድስና ክፍል አገልግሎ በ1983 ተሰናበተ፤ ወደ ሼንዘንም ሄደ።

በ1987 ከጥቂት ሸሪኮች ጋር በ21,000 ዩዋን ሁዋዌን አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ፈጠራ አይደለም፤ ድለላ ነው ማለት ይቻላል። ከሆንግ ኮንግ የቢሮ ስልክ ማዞሪያ እያመጡ መቸርቸር። በዛሬው አነጋገር መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ከዱባይ ራውተር እንደሚያስመጣ ነጋዴ ቁጠሩት።

በዚያን ጊዜ የቻይና የስልክ ገበያ በውጭ ኩባንያዎች እጅ ነበር። ቻይኖች ራሳቸው «ሰባት አገር፣ ስምንት ሥርዓት» ይሉታል። ከስዊድን ኤሪክሰን፣ ከጀርመን ሲመንስ፣ ከፈረንሳይ አልካቴል፣ ከጃፓን ኤንኢሲና ፉጂትሱ፣ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከቤልጅየም የመጡ ማዞሪያዎች አገሩን ሞልተውታል። ዋጋቸው ውድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይግባባም።

የቻይና መንግሥት ግን ሲገዛ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፦ «እዚህ መጥታችሁ አምርቱ፣ ሰዎቻችንን አስተምሩ።» በ1980ዎቹ ከቤልጅየም ኩባንያ ጋር ሻንጋይ ላይ የተቋቋመው የሽርክና ፋብሪካ የዚህ ውጤት ነው። በ1991 ደግሞ የቻይና ወታደራዊ ተቋም መሐንዲሶች የራሳቸውን ትልቅ ዲጂታል ማዞሪያ ሠሩ። ሁዋዌ የተነሳው በዚህ አየር ውስጥ ነው። መሐንዲሶቹ ቢሮ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው እያደሩ በ1993 የራሳቸውን ትልቅ ማዞሪያ ዪዉ በምትባል ከተማ አቆሙ። ከቸርቻሪነት እስከ አምራችነት የወሰደባቸው ስድስት ዓመት ነው።

▪️ ከገጠር ወደ ከተማ

ዕቃ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መሸጥ ሌላ ነው። ቤጂንግና ሻንጋይ በትልልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ተይዘዋል። ሬን የመረጠው መንገድ የእኛ የተማሪዎች ንቅናቄ ትውልድ ጠንቅቆ የሚያውቀው የማኦ ስልት ነው፦ ገጠሩን ይዞ ከተማውን መክበብ። ሌላው የማይፈልጋቸው ወረዳዎች፣ መንገድ የሌላቸው፣ መብራት የሚቆራረጥባቸው፣ ገንዘብ የሌላቸው ቦታዎች የሁዋዌ ገበያ ሆኑ። በገጠር አይጥ የስልክ ሽቦ እየበላ ሲያስቸግር የምዕራብ ኩባንያዎች «ይህ የእኛ ችግር አይደለም» ሲሉ፣ ሁዋዌ ግን አይጥ የማይበላው ሽቦ እስከ መሥራት ሄደ ይባላል።

ሁዋዌ ያደገው በቻይና ብልባላዎች ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ያንኑ ስልት ወደ ውጭ ይዞት ወጣ፦ ሩሲያ፣ አፍሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ። ዋጋው ከኤሪክሰንና ከኖኪያ ያንሳል፤ መሐንዲሱ በተጠራ ጊዜ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብድር ይዞ ይመጣል። የቻይና ልማት ባንክ በ2004 ለሁዋዌ ደንበኞች የሚሆን የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር መስመር ከፈተ፤ በ2009 ወደ 30 ቢሊዮን አሳደገው። ዕቃ ሻጩና አበዳሪው አብረው በር ሲያንኳኩ፣ ካዝናው ባዶ የሆነ መንግሥት ምን ይላል?

ንጹሕ የጀግንነት ታሪክ ነው እያልኩ አይደለም። በ2003 የአሜሪካው ሲስኮ «ሶፍትዌሬን ቀዳብኝ» ብሎ ከሰሰው፤ ሁዋዌ አከራካሪውን ክፍል አውጥቶ ጉዳዩ በ2004 ተዘጋ። የመንግሥት ድጋፍም ነበረው። ግን ለአስተዳደሩ አይቢኤምን በክፍያ አስተማሪ አድርጎ ቀጥሯል፤ በየዓመቱም ከገቢው ከመቶ ዐሥር ያላነሰውን ለምርምር ያውላል። በ2012 ኤሪክሰንን በገቢ በልጦ የዓለም አንደኛ የቴሌኮም መሣሪያ አምራች ሆነ።

▪️ ወደ እኛ ሲመጣ

እኛ ለስልክ አዲስ አይደለንም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ማስዘርጋት የጀመሩት በ1890ዎቹ ነው። ሞባይል በ1999 አዲስ አበባ ሲጀመር መሣሪያው የኤሪክሰን ነበር። እስከ 2006 ድረስ ግን በመላ አገሪቱ የሞባይል ደንበኛው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ያኔ ሲም ካርድ ለማግኘት የነበረውን ወረፋ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

በዚያው በ2006 መጨረሻ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራረመ። ዜድቲኢ በ1985 እዚያው ሼንዘን የተቋቋመ የሁዋዌ ጎረቤትና ተቀናቃኝ ነው። ገንዘቡ ከቻይና የመጣ ብድር፣ ዕቃውም የቻይና። ግልጽ ዓለም አቀፍ ጨረታ አልወጣም፤ የዓለም ባንክ በኋላ በኢትዮጵያ ሙስና ላይ ባሳተመው ጥናት ይህን አንሥቶ ጥያቄ አቅርቦበታል። ፋይበሩም የገጠሩ ማማም በአብዛኛው የተስፋፋው ከዚህ ስምምነት ጀምሮ ነው።

በ2010 ኮርፖሬሽኑ ፈርሶ ኢትዮ ቴሌኮም ተተካ፤ አስተዳደሩ ለፈረንሳዩ ኦሬንጅ በውል ተሰጠ። በዚያ ለውጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ነባር ሠራተኞች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በ2013 ሁለተኛው ዙር መጣ፦ ለሁዋዌ 800 ሚሊዮን፣ ለዜድቲኢ 800 ሚሊዮን፣ በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር። ከዜድቲኢ ጋር ነባሩን ኔትወርክ በማሻሻል ወጪ ላይ አለመግባባት ሲፈጠር የድርሻው የተወሰነ ክፍል በ2014 ለኤሪክሰን ተሰጠ። ይህችን ልብ በሉልኝ። መንግሥት «አይሆንም» ማለት እንደሚችል፣ ሲልም አማራጭ እንደሚገኝ ያሳየች አጋጣሚ ናት።

ውጤቱን መካድ አይቻልም። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። በ2021 የተጀመረው ቴሌብር የተገነባው በሁዋዌ ቴክኖሎጂ ላይ ነው፤ እናቴም ዛሬ ገንዘብ የምልክላት በስልክ ነው። ሳፋሪኮም በ2021 ፈቃድ ሲያገኝ፣ ከአሜሪካ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም የታሰበለት ብድር የቻይና ዕቃ እንዳይገዛበት ቅድመ ሁኔታ እንዳለው ተዘግቦ ነበር። በ2022 ሥራ ሲጀምር ግን ኔትወርኩ ላይ ከኖኪያ ጎን ሁዋዌም ነበር።

▪️ ስለ ስለላው

በ2018 የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ያለው መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይተላለፍ ነበር ብሎ ጻፈ። ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። ቀደም ብሎ በ2014 ሂውማን ራይትስ ዎች የኢትዮጵያ መንግሥት በዜድቲኢ ሥርዓት የዜጎችን የስልክ መዝገብ እንደሚያይ በሪፖርቱ አስፍሯል።

ሥጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የላስታ ሰው ልምድ ሌላም ነገር ይነግረናል። በ2021 ስልኩ የጠፋው በራሳችን ጦርነት ነው። በ2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ለሁለቱም ምክንያቱ ከሼንዘን አልመጣም። መሣሪያውን ማን ሠራው ብለን በምንጠይቀው ልክ ማብሪያ ማጥፊያውን ማን ይዞታል ብለንም መጠየቅ አለብን።

▪️ ያልገዛነው ዕቃ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በ2018 አሜሪካ ለዜድቲኢ ዕቃ እንዳይሸጥ ስታግድ፣ ያ ለእኛ ቢሊዮኖችን ይዞ የመጣ ግዙፍ ኩባንያ በሳምንታት ውስጥ ዋና ሥራውን አቆመ። ቺፑ የአሜሪካ ነበርና! የዳነው አንድ ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ፣ 400 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ በመያዣ አስቀምጦ ነው። በ2019 ተመሳሳዩ ዱላ ሁዋዌ ላይ አረፈ። ብሪታንያን የመሰሉ አገሮች ከ5ጂ ኔትወርካቸው እንዲወጣ ወሰኑበት፤ ገቢውም በ2020 ከነበረበት 891 ቢሊዮን ዩዋን በ2021 ወደ 637 ቢሊዮን ወረደ። ግን አልወደቀም። ከ2004 ጀምሮ የራሱን ቺፕ የሚነድፍ ድርጅት ነበረው፤ በ2023 ቻይና ውስጥ በተመረተ ቺፕ የሚሠራ አዲስ ስልክ ይዞ ብቅ አለ።

ሁለቱም የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ከተማ የወጡ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠረው ለክፉ ቀን የተቀመጠ የራስ እውቀት ነው።

እኛስ? በሁለቱ ስምምነቶች በወረቀት ላይ 3.1 ቢሊዮን ዶላር ተፈራርመናል። ማማ ገዛን፣ ፋይበር ገዛን፣ ሶፍትዌር ገዛን። ቻይኖች በ1980ዎቹ የውጭ ኩባንያዎችን «አስተምሩን» እንዳሉት እኛ ስንት መሐንዲስ፣ ስንት የጥገና ማዕከል፣ ስንት የአገር ውስጥ ፋብሪካ አስገድደን ተቀበልን? የውሎቹ ዝርዝር ለሕዝብ ስላልቀረበ ይህን ጥያቄ ዜጋ ቆጥሮ መመለስ አይችልም። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው።

«የቻይና ገበያ ቢሊዮን ሕዝብ ነው፣ እኛ ያንን የመደራደር አቅም ከየት እናመጣለን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ማዞሪያ እንሥራ አላልኩም። ነገር ግን የብረት ማማ መበየድ፣ የሶላር ባትሪውን መገጣጠምና መጠገን፣ የደንበኞች ሶፍትዌሩን ማበልጸግ የቢሊዮን ሕዝብ ገበያ አይፈልግም። ቴክኖ እንኳ ከ2011 ጀምሮ ስልክ እዚህ ይገጣጥማል። ሁዋዌ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋር የከፈታቸው አካዳሚዎችም ጥሩ ጅምር ናቸው። ግን ሻጭ በፈቃዱ የሚሰጠው ሥልጠና የራሱን ዕቃ የሚያውቅ ሠራተኛ ነው የሚያፈራው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ገዢ ከመፈረሙ በፊት በውሉ ውስጥ ማስጻፍ አለበት።

ስለዚህ ለቀጣዩ ውል፣ የ5ጂም ይሁን የዳታ ማዕከል፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ውሉ ይታተም። ሁለተኛ፣ ከብድሩ ስንት እጁ አገር ውስጥ በሚሠራ ሥራ ላይ እንደሚውል በቁጥር ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የጥገና ሥልጠናው ማማዎቹ ባሉበት ይሰጥ፤ ለምሳሌ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለላስታ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርባል።

ባለፈው ብልባላ ስሄድ ኔትወርክ ጠፍቶ ለቀናት ቆየ። ጠጋኙ ከሩቅ እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው። እናቴ ቡና እያፈላች ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ ተመለከተችና እንዲህ አለችኝ፦ «ያንን ድንጋይ የፈለፈሉት የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው ይባላል። ይኼን ብረት የሚያበጅ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ተማሪ መሀል ጠፋ?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ቴሌኮም ውስጥ የሠራችሁ።