የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፤ የዩኒክስ ማስተዳደሪያ መሣሪያዎች ስሕተትና እርማት ታሪክ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ስለ ቤትና ስለ ንብረት ጥበቃ ነበር። በዘመናችን ግን ቤቱ ኮምፒዩተር፥ ንብረቱም በውስጡ የተከማቸው ገንዘብና መዝገብ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ብዙ ስለማይወራለት አንድ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ይኸውም ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ለማስተዳደር በሚያገለግሉት መሣሪያዎች ላይ ስለ ተገኙት ቀዳዳዎችና ቀዳዳዎቹ ስለ ተደፈኑበት መንገድ ነው። የውጭ አገሩ ታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችን ግን በራሳችን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

አንባቢ «ይህ ነገር አሶሳን ምን ይመለከታታል?» ይል ይሆናል። በእርግጥ ይመለከታታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የዚህን ምድር ወርቅ ለመንግሥት ይገብሩ ነበር። ያን ጊዜ ወርቅ የሚጠበቀው በዘበኛና በጽኑ መዝጊያ ነበር። ዛሬ ግን በክልላችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፥ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ፥ ከወርቅ የማያንስ ሀብት ተሠርቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የዚህን ዓይነቱን ሥራ ያለ ኮምፒዩተር መምራት አይቻልም። ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሊሞላ በተቃረበበት በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ኢንሳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በግብጽ የሚገኙ ቡድኖች በአገራችን ድረ ገጾች ላይ ጥቃት እንደ ሞከሩ አስታወቀ። በ2014 ዓ.ም.ም ግድቡንና ታላላቅ የገንዘብ ተቋማትን ዓላማ ያደረገ ሙከራ መክሸፉን ገለጸ። እንግዲህ የዘመኑ ዘበኛ ምን ይጠብቃል? ቀዳዳውስ ከየት ይመጣል? ይህን ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ዩኒክስ እ.አ.አ. በ1969 ቤል በተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት አገልጋይ ኮምፒዩተሮች የሚበዙት የሚሠሩት በዩኒክስ ወይም እርሱን አርአያ አድርጎ በተሠራው በሊኑክስ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ሩት» የሚባል አንድ ባለ ሙሉ ሥልጣን አለ፤ በቀድሞው ቤተ መንግሥት የግምጃ ቤቱን ቁልፍ እንደሚይዘው በጅሮንድ ማለት ነው። ተራው ተጠቃሚ ግን የራሱን ዕቃ እንጂ የሌላውን መንካት አይችልም።

ዳሩ ግን ተራው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከግምጃ ቤቱ የሚፈልገው ነገር አለ። ለምሳሌ የራሱን የይለፍ ቃል መለወጥ ቢፈልግ፥ ቃሉ የሚጻፍበት መዝገብ በሩት እጅ ብቻ የሚነካ ነው። ለዚህ ችግር ሪቺ መፍትሔ አገኘ። ፕሮግራሙ ያስነሣው ማንም ይሁን ማን፥ በባለቤቱ በሩት ሥልጣን እንዲሠራ አደረገው። ይህ በጅሮንዱ ቁልፉን ለታመነ ሎሌ ለአንድ ጉዳይ ብቻ አውሶ እንደ መላክ ነው። ጥበቡ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ሎሌው የተታለለ እንደ ሆነ ግምጃ ቤቱ በሙሉ ይዘረፋል። የዩኒክስ ቀዳዳዎች ታሪክ አብዛኛው የተታለሉ ሎሌዎች ታሪክ ነው።

አንድ ምሳሌ እነሆ። አዲስ ማኅደር የሚከፍተው መሣሪያ በቀድሞ ጊዜ ሥራውን የሚፈጽመው በሁለት እርምጃ ነበር፤ መጀመሪያ በሩት ስም ማኅደሩን ይፈጥራል፥ ቀጥሎ ለጠየቀው ሰው ያስረክባል። ተንኰለኛ ሰው በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ባለችው ቅጽበት ማኅደሩን አንሥቶ በቦታው ወደ ይለፍ ቃል መዝገብ የሚመራ ምልክት ቢተክል፥ መሣሪያው ሳያውቅ መዝገቡን ለተንኰለኛው ያስረክበው ነበር። እርማቱ የመጣው በ1983 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ዩኒክስ ነው። ሁለቱ እርምጃዎች አንድ ሆነው በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ እንዲፈጸሙ ተደረገ፤ በመካከል የሚገባበት ቅጽበትም ጠፋ።

የይለፍ ቃሉ መዝገብ ራሱም ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ፥ ከዩኒክስ በፊት በነበረ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሥርዓት ላይ፥ ሁለት ጊዜያዊ መዝገቦች በስሕተት ተለዋወጡ። በዚህ ምክንያት ወደ ኮምፒዩተሩ ለሚገባ ሁሉ በሰላምታው ፈንታ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ታየ። ሮበርት ሞሪስና ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ድርጊት አስታውሰው፥ ቃሉ ተመሥጥሮ እንጂ በግልጽ መቀመጥ እንደሌለበት አስረዱ።

የሚያስገርመው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ኅዳር 2 ቀን 1988 እ.አ.አ. የዚሁ የሞሪስ ልጅ፥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ፥ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ የገባው በዩኒክስ የፖስታ መሣሪያ፥ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በሚናገረው መሣሪያና በቀላል የይለፍ ቃሎች በኩል ነበር። ወደ 6,000 የሚገመቱ ኮምፒዩተሮች ተጠቁ። ወጣቱ በ1990 የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፥ 400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና የገንዘብ መቀጮ ተፈረደበት። አባት የጻፈውን ማስጠንቀቂያ ልጅ በሥራ አሳየው ማለት ይቻላል። ከዚህም ጥፋት በኋላ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ለአደጋ የሚደርስ ቡድን ተቋቋመ፤ ዛሬ በኢትዮጵያም በኢንሳ ውስጥ የዚሁ ዓይነት ቡድን ይገኛል።

ሰው ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ አይማርም። በ1980 ገደማ በኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በቡፋሎ የተሠራው «ሱዱ» የተባለ መሣሪያ የሩትን ሥልጣን ለታወቀ ሰው ለታወቀ ሥራ ብቻ የሚያውስ ነው። ሆኖም በሐምሌ 2011 እ.አ.አ. በተጻፈ ለውጥ አንድ ስሕተት ገባ። በትእዛዝ መጨረሻ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወደ ኋላ ያዘነበለች ሰረዝ መሣሪያውን ከተመደበለት ቦታ አልፎ እንዲጽፍ ታደርገው ነበር፤ በዚህም ተራው ተጠቃሚ ሩት መሆን ይችል ነበር። ይህ ቀዳዳ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ማንም ሳያየው ቆየ። ያገኙት የኳሊስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ነበሩ። እነርሱ ግን ወሬውን ወዲያው አልነዙም። አስቀድመው ለመሣሪያው ጠባቂ ለቶድ ሚለር፥ ቀጥሎም ሊኑክስን ለሚያሰራጩት በምስጢር አስታወቁ፤ እርማቱ ተዘጋጅቶ ጥር 26 ቀን 2021 እ.አ.አ. ምስጢሩና መድኃኒቱ በአንድ ቀን ወጡ።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስሕተት ያላደረገ መሣሪያ ሠሪ የለም፤ ሰውን ከሰው የሚለየው ክፍቱን በር ባገኘ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው። ይህን በአገራችን አይተነዋል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በነጋበት ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ እክል ተፈጥሮ ሰዎች ከሌላቸው ሂሳብ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ እንደ ገለጸው ነገሩ የጠላት ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ስሕተት ነበር። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ፤ ካወጡትም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙዎች ነበሩ። ወሬው ከተማሪ ወደ ተማሪ በስልክ ሲሮጥ አደረ። ኋላ ብዙዎች መለሱ፤ ያልመለሱትም ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ተለጠፈ።

እነዚያ ተማሪዎች እንደ እኛ ያሉ፥ ከእኛ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ ነበሩ። አንዳንዶቹ የቸገራቸው ነበሩ ይሆናል፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ነገር ግን ዝምታና ስግብግብነት ቀዳዳን እንደሚያሰፉ፥ የአንድ ሰው ጥሪ ግን እንደሚደፍነው ታሪኩ ያስተምረናል። ሕጉም ግልጽ ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው ሥርዓት ውስጥ መግባትን ይቀጣል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገ ከመካከላችን የባንክ፥ የሆስፒታል ወይም በጉባ ያለውን የግድብ ኮምፒዩተር የሚጠብቁ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ሦስት ነገር እንዳንረሳ። ለማንም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አንስጥ፤ እርማት በወጣ ቀን እንጂ ጥፋት ከደረሰ በኋላ አንጫን፤ ቀዳዳ ያገኘ ሰው ቢመጣብን እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ወዳጅ እንስማው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፥ ቀዳዳው የሚደፈነው ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።