የአጥር ላይ ሥዕል

በሐዋሳ ከተማ ግንባታ በተጀመረባቸው ብዙ ቦታዎች ከቆርቆሮው አጥር ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። መስታወቱ ያብለጨልጫል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ዛፎቹ አድገው ጥላ ጥለዋል። ከአጥሩ ኋላ ግን ገና መሠረት እየተቆፈረ ነው። ይህ ሥዕል ምንድን ነው? ነዳፊው ለአሠሪውና ለነዋሪው የሚልከው መልእክት ነውን? ወይስ እውነትን መስሎ በመታየቱ ብቻ የሚደነቅ ራሱን የቻለ የሥዕል ሥራ? ጥያቄው የኮምፒውተር ዘመን የወለደው ቢመስልም ዕድሜው ከዚያ የረዘመ ነው።

በሲዳማ ምድር ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚቆመው ቤት በወረቀት ንድፍ አይጀመርም። አሠሪውም፣ ሠሪውም፣ ጎረቤቱም ያንኑ ቤት ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለሚያውቁት ለመግባባት ሥዕል አያሻቸውም። ሥዕል የግድ የሚሆነው ነዳፊና ነዋሪ ሲራራቁ ነው።

የዚህ መራራቅ ክፉ ምሳሌ በራሳችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘችበት ዓመት፣ ማለትም በ1936 እ.ኤ.አ.፣ ስመ ጥሩው የኪነ ሕንፃ ሊቅ ሌ ኮርቡዚዬ የከተማይቱን ንድፍ አዘጋጅቶ ለሙሶሊኒ ላከ። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። በወረቀቱ ላይ ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ተሰምሯል፤ ነባሪቱ ከተማ ግን የለችም። ሥራው ለእርሱ ሳይሆን ለኢጣልያኖቹ ለጊዲና ለቫሌ ተሰጠ፤ የእነርሱም ፕላን አውሮፓዊውንና አገሬውን በዘር ለያይቶ የሚያሰፍር ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሌ ኮርቡዚዬ ንድፍ በጥቂት መሥመሮች የተጫረ መሆኑ ነው። ሻካራነቱ ሐሳቡን አጋለጠው፤ የጎደለው ነገር ከነጉድለቱ ይታያል። ያው ሐሳብ ዛሬ በኮምፒውተር ተሥሎ፣ ጥላና ብርሃን ተሰጥቶት፣ ፈገግ ያሉ መንገደኞች ቢጨመሩበት ኖሮ፣ የጠፋችውን ከተማ ማን ይፈልጋት ነበር?

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ጊዜ ከሐይቁ ዳር ተቆረቆረች። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቿ፣ ከመንደር መንደር እየተያያዙ ካደጉት ከተሞቻችን የተለየ መልክ ሰጥተዋታል። ስለዚህ መሥመር ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። እንግዳው፣ መሥመሩን የሸፈነው ቀለም ነው።

ጄምስ ካጂያ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ብርሃን ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ የሚጓዝበትን መንገድ በአንድ የሒሳብ ቀመር አስቀመጠ። የዛሬዎቹ ሥዕሎች ፎቶግራፍ እስኪመስሉ የደረሱት በዚያው ፈለግ ነው። ይሁንና ቀመሩ የሚያሰላው የተሰጠውን ፀሐይ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናቷ ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ከሰሜን፣ በታኅሣሥ ከደቡብ ታጋድላለች። በአጥር ላይ ባየኋቸው ሥዕሎች ግን ፀሐይ ዘወትር ወደ ማታ አዘንብላ ረጅም ጥላ ትጥላለች። ውበቱን አልክድም። ነገር ግን ቁጠባውን አውጥቶ ገና ያልቆመ ቤት የሚገዛ ሰው ማወቅ ያለበት፣ መኝታ ቤቱ በሰኔ ቀትር ይግላል ወይስ አይግልም የሚለውን ነው። ይህን አንድ ተራ የእርሳስ መሥመርና አንድ ቀስት ይነግሩታል።

የተውኔት ጸሐፊ ስለሆንሁ ይሆናል ይህን የምለው። በመድረክ ላይ አንድ በር ብቻ ብታቆም ተመልካቹ ቤቱን ራሱ ይሠራዋል፤ ባይጥመውም ይጠይቃል። ሁሉን ሠርተህ ብታሳየው ግን ያጨበጭባል እንጂ አይጠይቅም። ያላለቀ ንድፍ «ይህ እንዲህ ቢሆንስ?» ለማለት ቦታ ይተዋል፤ ያለቀለት ሥዕል ውሳኔው ያበቃ ያስመስለዋል።

ባለሙያዎቻችን የሚያብለጨልጨውን ሥዕል ይተዉ አልልም። ከጎኑ ግን የሕንፃውን ቁርጥ ንድፍ ይስቀሉ፤ የሰኔና የታኅሣሥ ፀሐይ የምትገባበትን ያመልክቱ፤ ደረጃው ስንት እንደሆነ ይጻፉ። በግራና በቀኝ ያሉትን ጎረቤቶችም ከነቆርቆሮ ጣራቸው ይሣሉልን፤ በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ በእነርሱ ቦታ የሚታየው ሣር ብቻ ነውና።