ልጅቷስ የት ናት?

ባለፈው ሳምንት 11ኛ ክፍል ስለ ጠለፋ ታሪክ ሳስተምር «ድፍረትን ማን አይቶታል?» አልኩ። አንዱ ቶሎ ብሎ «የአንጀሊና ጆሊ ፊልም ነው ቲቸር!» አለኝ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን እጇን አወጣችና «ልጅቷስ አሁን የት ናት?» ብላ ጠየቀች። መልስ አጣሁ። ፊልሙን ለዓመታት በምሳሌነት ሳነሳ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ይህን ጠይቄ አላውቅም።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። የጠላፊዋን መሣሪያ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዷት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራሷን ተከላክላ ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949 የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ይህን ታሪክ ይዞ በፈረንጆቹ 2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አገኘ። ፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ናት። ልጅቷ ግን «ሂሩት» ተብላለች። በ2006 ዓ.ም መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከሳሿ አበራሽ ነበረች፤ ሳልፈቅድ ነው ታሪኬን የሠራችሁት አለች። በኋላ ፊልሙ ለእይታ በቃ።

ሐቁን ልናገር። ያኔ እኔና ጓደኞቼ ማኪያቶ እየጠጣን «ብር ፈልጋ ነው» ብለናል። ዓለም ያጨበጨበለትን ፊልም ያስቆመችብን መሰለን። ጀግንነቷን ወደድነው፤ ራሷ አፍ አውጥታ ስትናገር ግን ጠላናት። የፊልሙ ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም፤ ፊልሙ ብዙ አስተምሯል። ግን ዝነኛው ስም ጎልቶ ሲታየን ባለታሪኳ አልታየችንም።

ያቺ ተማሪዬ ከክፍል ስንወጣ ጠብቃ አናገረችኝ። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ የሚወርዱ ናቸው። «ቲቸር፣ እዛ ጫካ ሴት ጥቃት ሲደርስባት ሰው መጀመሪያ የሚለው ‹ጫካ ምን ልትሠራ ገባች?› ነው» አለችኝ። ዘፋኝ ወይም ታዋቂ ሰው ሲከሰስም እኮ የምንለው «ሆቴል ምን ልትሠራ ሄደች? ስሙን ልታጠፋ ነው» ነው። ክስ ሁሉ እውነት ነው እያልኩ አይደለም። ግን ጥያቄያችን ሁልጊዜ ወደ እሷ ነው የሚዞረው። ያቺ እናትማ ሌሊት ተነስታ ጫካ የምትገባው ለእንጀራ ነው። እኔ በየካ በኩል በታክሲ ሳልፍ ሸክሟን እንጂ ፍርሃቷን አይቼ አላውቅም።

የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ጋብቻ ጠላፊን ከተጠያቂነት አያድንም ብሏል። ያም ሆኖ አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ነው የሚቀጣው፤ ሚስትን አያነሳም። ሕጉ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የእኛ አፍ ግን ገና ከቤቱ አልወጣም።

ሰኞ ክፍል ስገባ ከፊልሙ ስም በፊት «አበራሽ በቀለ» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። እናንተስ ያኔ ምን ብላችሁ ነበር? እስኪ በሐቅ ጻፉልኝ።