ከጣቢያ እስከ ጣቢያ በእግር

የምድር ባቡርን ታሪክ በክፍል ከተማርን በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከስድስት ኪሎ ወርደን ለገሃር ከአንበሳው ሐውልት ሥር ተሰበሰብን። አሳባችን እስከ ቀድሞው የአቃቂ ጣቢያ በእግር ለመሄድ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሃር ሕንፃም በ1922 ተመረቀ። በመጀመሪያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። ይህን በክፍል ስንሰማ «እንዴት ያለ ዘገምተኛ ነው!» ብለን ሥቀን ነበር።

ቃሊቲን አልፈን አቃቂ ስንደርስ ግን እግራችን ዝሎ፣ ስንቃችንም አልቆ ነበር። መምህራችን፣ የሄድነው መንገድ ከ784 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ ጥቂቱ ብቻ መሆኑን ሲነግሩን የሣቀ አልነበረም። ከባቡሩ በፊት ነጋዴው ያን ሁሉ አገር በቅሎና ግመል እየነዳ ያቋርጥ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን።

በአሮጌው ሐዲድ የሚመልሰን ባቡር ስለሌለ በአውቶቡስ ተመለስን፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ለቡ ነውና። ታናናሾቻችን ሆይ፣ ይህን መንገድ እናንተም በእግራችሁ ሂዱት፤ የአባቶቻችን ድካም ያን ጊዜ ይገባችኋል።