ዳገቱን የምታውቅ ነርስ፦ የልብ ድካም ሕሙማን እንቅስቃሴ በአራዳና በፒያሳ

ለልብ ድካም ሕመምተኛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ደግነት ሥራ መቀማት ነው። እንጀራ አትጋግሪ፣ ደረጃ አትውጪ፣ አረፍ በይ። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ሐሳቡ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ነው። ሕመምተኛን ቶሎ የሚያዝለው የልብ አቅም ማነስ ብቻ ሳይሆን ሥራ የፈታ የእግር ጡንቻም ጭምር መሆኑ ታወቀ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ኤችኤፍ-አክሽን የተባለው ጥናት በአሜሪካ፣ በካናዳና በፈረንሳይ 2,331 ሕሙማንን አሳትፏል። እንቅስቃሴ አስጊ አለመሆኑን አሳየ፤ ሞትንና ሆስፒታል መተኛትን የቀነሰው ግን በመጠኑ ነው፣ ብዙዎቹም የታዘዘላቸውን ያህል አልዘለቁበትም። ከዚህ የምረዳው የጎደለው ትእዛዝ ሳይሆን ክትትል መሆኑን ነው፤ ክትትል ደግሞ በአብዛኛው የነርሷ ሥራ ነው።

ከኤችኤፍ-አክሽን ሕሙማን ግማሽ ያህሉ የልብ ደም ሥር የጠበበባቸው ነበሩ። ኢትዮጵያን ጨምሮ ዘጠኝ የአፍሪካ አገሮችን ያካተተው ቴሰስ-ኤችኤፍ የተባለው ጥናት (እ.ኤ.አ. 2012) ያገኘው ሌላ ነው፦ አማካይ ዕድሜ 52፣ ዋናው መንስኤ ደም ግፊት፣ የደም ሥር መጥበብ ከመቶ 8 የማይሞላ፣ ሩማቲክ የቫልቭ ሕመም 14 ገደማ። በዚህ ሕመም ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቩ በጣም የጠበበ ሰው ልቡ ሲፈጥን ደም የሚያልፍበት ጊዜ ያጥርና ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። የልብ አልትራሳውንዱ ውጤት ሳይታይ «ተራመጂ» አይባልም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች፤ እዚህ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ዳገቱ አለ። «በቀን 30 ደቂቃ» የሚል ምክር ለፒያሳ ሰው ብዙም አይረባም፤ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት መውጣትና ያንኑ መውረድ ለልብ እኩል አይደሉም። ሽቅብ የጀመረ ሰው ሲደክመው ዞሮ ይወርዳል። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል የሄደ ግን ዳገቱ የሚጠብቀው ሲመለስ፣ አቅሙ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥሩ ምክር የቦታ ስም አለበት፦ «እማማ፣ ለጊዜው በጊዮርጊስ ግቢ ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ፤ እየሄዱ ማውራት ካቃተዎት ይቁሙ።»

ጠዋት ላሲክስ (ሽንት የሚያሸና መድኃኒት) የዋጡ እናት ሽንት ቤት በሌለበት ጎዳና አይወጡም። ስንፍና አይደለም፤ ጉዞውን ወደ ከሰዓት ማዛወር ይበቃል። በዐቢይ ጾም እህል ሳይቀምሱ ለሚሰግዱም ስግደቱ ራሱ ከባድ እንቅስቃሴ ነውና ነርሷ ጠይቃ ትመዝግበው። (ለማስቀነስ ከሆነ የነፍስ አባት ቃል ከእሷ ምክር ሳይበልጥ አይቀርም።) በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ደግሞ ውኃ መቋጠሩ ሊሆን ይችላልና ጉዞውን ትቶ ወደ ሕክምና ይሂድ። ቤት ሚዛን የለም ማለት ፒያሳ ላይ ሰበብ አይሆንም፤ መንገድ ዳር የሚመዝኑ ልጆች አሉ፣ ሁልጊዜ በአንዱ ልጅ ሚዛን መመዘን ነው።

በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት ለአራዳ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሰጥቷል፤ ለመራመድ ከቀድሞው ይመቻል። ነገር ግን ብዙ የፒያሳ ነባር ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውረዋል፣ አብረው ይወጡ የነበሩ ጎረቤቶችም ተበታትነዋል። በቀጠሮ ቀን ነርሷ ከደም ግፊቱ ልኬት ቀድማ ልትጠይቅ የሚገባት ሕሙማኑ አሁን የት እንደሚኖሩ፣ ከበራቸው የሚነሳው መንገድ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል፣ አብሯቸው የሚራመድ ማን እንዳለ ነው።