ኦቲዝምን በአዋቂነት ማወቅና ምርመራው

ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሰው ጋር በመግባባት፣ በስሜት ሕዋሳትና በባህርይ ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። ከልጅነት ጀምሮ ያለ በመሆኑ በአዋቂ ሰው ላይ ዘግይቶ ይታወቃል እንጂ ዘግይቶ አይመጣም። ሳይታወቅላቸው ያደጉ ብዙዎች ራሳቸውን የሚጠረጥሩት ትምህርት ጨርሰው፣ ሥራ ይዘው ወይም ልጆች ወልደው ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት

ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ፣ ሐንስ አስፐርገር ደግሞ በ1944 በቪየና ያሳተሟቸው ጥናቶች በሕጻናት ላይ ያተኮሩ ነበሩ። ካነር ከገለጻቸው 11 ልጆች ስምንቱ ወንዶች ናቸው። በዚህም ምክንያት ኦቲዝም ለረጅም ጊዜ የወንድ ልጆች ጉዳይ ተደርጎ ታየ። እንግሊዛዊቷ ሳይካትሪስት ሎርና ዊንግ በ1981 የአስፐርገርን ሥራ ስታስተዋውቅ፣ አቀላጥፈው የሚናገሩና በትምህርታቸው የሚገፉ ሰዎችም ትኩረት ማግኘት ጀመሩ። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም፣ ቀድሞ ለየብቻ ይጠሩ የነበሩትን ዓይነቶች «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አንድ ስም ጠቀለለ።

ይኸው መመሪያ ምልክቶቹ ሰው በተማረው ዘዴ ሊሸፈኑ እንደሚችሉም ይገልጻል። የሌሎችን አነጋገርና የፊት ገጽታ አጥንቶ መከተል፣ ጨዋታን አስቀድሞ መለማመድ፣ እያመመም ቢሆን ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት የዚህ መሸፈን ምሳሌዎች ናቸው። በተለይ በሴቶች ላይ በስፋት ተስተውሏል። ዋጋውም ከባድ ነው፤ የሰውነትና የአእምሮ ድካም፣ ጭንቀትና ድብርት ያስከትላል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም ድብርቱ ብቻ ታክሞ ሥሩ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ራስን መጠርጠር

ብዙ ወላጆች በልጃቸው ምርመራ ወቅት የሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች የራሳቸውን ልጅነት ያስታውሷቸዋል። ሌሎች ደግሞ አዲስ ሥራ፣ ጋብቻ ወይም ወሊድ የለመዱትን ሥርዓት ሲያናጋባቸው ይነቃሉ። በካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2001 የቀረበው ባለ 50 ጥያቄ መጠይቅ በዚህ ደረጃ በስፋት ያገለግላል። ሆኖም ጭንቀትም ሆነ የትኩረት ማነስ ችግር ነጥቡን ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ፣ መጠይቁ ወደ ባለሙያ ለመሄድ ምክንያት ይሆናል እንጂ ምርመራን አይተካም።

የምርመራው ሂደት

ኦቲዝምን በደም ምርመራም ሆነ በአእምሮ ምስል ማረጋገጥ አይቻልም። ሳይካትሪስት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ በዝርዝር ይጠይቃል፣ አነጋገሩንና አኳኋኑን ይመለከታል፣ ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ሁኔታዎችንም ይመዝናል። ናይስ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2012 ባወጣው ምክር፣ ምርመራው የተለያየ ሙያ ባላቸው ሰዎች በጋራ እንዲካሄድ፣ ሲቻልም የቤተሰብ አባል እንዲገኝ ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ እንዲታይ ያሳስባል። ስለዚህ ተመርማሪው ከልጅነት እስከ ዛሬ ያሉ ተጨባጭ ምሳሌዎችን ጽፎ መቅረቡ ይጠቅመዋል፤ እናት፣ አባት ወይም ታላቅ እህት የሚያስታውሱትም ትልቅ ማስረጃ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የኦቲዝም አገልግሎት የተጀመረው ከልጆች ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ለዚህ ፈር ቀዳጅ ሆኗል። አዋቂን የሚመረምር ባለሙያ ግን የአገሩን ባህል ማወቅ ይኖርበታል። በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በውጭ አገር በተዘጋጀ መለኪያ ግን እንደ ምልክት ሊቆጠር ይችላል።

ከምርመራ በኋላ

የኦቲዝምን መሠረታዊ ባህርያት የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። የምርመራው ጥቅም ሌላ ነው፦ ሰውየው «ሰነፍ» ወይም «ኩሩ» እየተባለ ያደገበትን ምክንያት ይረዳል፣ በሥራና በትምህርት ቦታ ጸጥ ያለ ክፍልና በጽሑፍ የሚሰጥ ግልጽ ትእዛዝ ለመጠየቅ መሠረት ያገኛል፣ ጭንቀቱም ለእሱ በሚስማማ መንገድ ይታከማል። ውጤቱ ኦቲዝም አይደለም ቢባል እንኳ፣ ወደ ምርመራ የገፋው ችግር እውነተኛ ስለሆነ ምክንያቱ ሊፈለግለትና እርዳታ ሊያገኝ ይገባዋል።