ከድስት እስከ ሳሎን

እኛ ዘንድ ጥንቸል በተረት እንጂ በቤት አትታወቅም፡፡ በተረቱ ብልጥ ናት፤ ጉልበተኛውን ሁሉ ታታልላለች፡፡ በማዕድ በኩል ደግሞ ነገሩ ገና ከኦሪት ተዘግቷል፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሽኮኮንና ጥንቸልን ጎን ለጎን አስቀምጦ አትብሉ ይላል፡፡ እንግዲህ የማትበላ፣ የማትታለብ፣ ሌባ የማትጠብቅ እንስሳ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተዘርግታ ስትተኛ ያየ የከተማችን ልጅ ‹‹ፈረንጅ ሥራ ፈታ!›› ቢል አይፈረድበትም፡፡ እኛ ግን ታሪኳን ስንከታተል ያገኘነው ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጥፋትና ብዙ ክርክርም አለበት፡፡ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

በቅድሚያ አንድ የስም ጣጣ እናጥራ፡፡ አማርኛችን ‹‹ጥንቸል›› ብሎ የሚጠራቸው ሁለት የተለያዩ እንስሳት አሉ፡፡ በየሜዳችን ብድግ ብላ የምትፈተለከው የዱሯ ጥንቸል ከነጠጉሯ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች፤ የጉድጓድ ቤት የላትም፡፡ የቤቷ ጥንቸል ዘር ሌላ ነው፡፡ የመጣችው ስፔንና ፖርቱጋል ካሉበት ከአይቤሪያ ምድር ነው፡፡ ራቁቷን፣ ዓይኗ ሳይገለጥ ጉድጓድ ውስጥ ትወለዳለች፤ በማኅበር ትኖራለች፤ የምትጸዳዳውም በለመደችው ቦታ ነው፡፡ ይህችን የመጨረሻዋን ጠባይ ያዙልን፣ እንመለስባታለን፡፡

የፊንቄ መርከበኞች አይቤሪያ ሲደርሱ ይህችን እንግዳ እንስሳ አይተው በአገራቸው በሚያውቁት በሽኮኮ ስም ጠሯት፣ ምድሩንም ‹‹የሽኮኮ አገር›› አሉት፣ ‹‹ሂስፓኒያ›› የሚለው ስም ከዚያ መጣ የሚል የታወቀ መላ ምት አለ፡፡ ገደሉ ሁሉ ሽኮኮ በሆነበት አገር ለምንኖር ለእኛ ስሕተቱ አይገርመንም፡፡ ሮማውያን ደግሞ አጥር አጥረው ለሥጋዋ አኖሯት፡፡ ታላቁ ፕሊኒ ከእናታቸው ሆድ የወጡ ወይም ከጡት የተነጠቁ ግልገሎች እንደ ልዩ ምግብ ይበሉ እንደነበር ጽፏል፡፡ እዚያው ላይ የባሊያሪክ ደሴቶች ሰዎች ጥንቸል አዝመራቸውን ስትጨርስባቸው አውግስጦስ ቄሣርን ‹‹ወታደር ላክልን›› ብለው መለመናቸውን ይነግረናል፡፡

ጾም ለምናውቀው ለእኛ የሚጥመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፡፡ በ600 ገደማ የሮሙ ፖፕ ጎርጎርዮስ እነዚያን ግልገሎች ከዓሣ ቆጥሮ በጾም እንዲበሉ ፈቀደ፣ የፈረንሳይ መነኮሳትም ለዚሁ ሲሉ ጥንቸልን አላመዱ የሚል ታሪክ ለረጅም ጊዜ በሳይንስ ጽሑፎች ሳይቀር ሲደገም ኖሯል፡፡ በ2018 የታተመ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ምንጩን እግር በእግር ቢከተለው እንዲህ ያለ አዋጅ የለም! ያለው የቱሩ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነው፤ እሱም አንድ ሰው በዐቢይ ጾም የጥንቸል ግልገል መብላቱን ብቻ ይናገራል፡፡ ስማቸው አንድ በመሆኑ ጳጳሱና ፖፑ ተምታተው ቀሩ፡፡ ክፍል ውስጥ ‹‹ምንጭ አጣሩ›› እየተባልን ለተመረቅን ልጆች ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም፡፡

ጥንቸል ከጓሮ ወደ ቤት ስትገባ በሰፊው የምናያት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ነው፡፡ ቢያትሪክስ ፖተር ለንደን ቤቷ ውስጥ ቤንጃሚን የሚባል ጥንቸል ነበራት፤ በማሰሪያ እየሳበች ታንሸራሽረዋለች፣ እሱም ቅቤ የተቀባ ትኩስ ዳቦ ነፍሱ ነበር፡፡ ከሱ በኋላ ፒተር መጣ፤ በ1902 የታተመው የፒተር ጥንቸል መጽሐፍም ዓለምን አዳረሰ፡፡ መጽሐፉ ጥንቸልን አስወደደ፤ ችግሩም እዚሁ ጋ ነው፡፡ ሥዕሏ ከዕውቀቱ ቀድሞ ቤት ገባ፡፡ ምዕራባውያን ዘንድ ፋሲካ በዶሮና በበግ ብቻ አያልፍም፤ ከጀርመን የመጣ የፋሲካ ጥንቸል ልማድ አለ፡፡ ለልጅ ስጦታ ግልገል ትገዛለች፣ ሳምንታት አልፈው ስታድግና የወንበር እግር ስትቆረጥም ሜዳ ላይ ትጣላለች፡፡ በአሜሪካ ኦሃዮ የጥንቸል ወዳጆች በ2002 ‹‹ለእኔ የቸኮሌቷ ትሁንልኝ›› የሚል ዘመቻ የጀመሩት በዚህ ተማርረው ነው፡፡

እንግሊዞች ለአደን ጨዋታ ብለው ወደ አውስትራሊያ ሲያሻግሯት ደግሞ ጉዱ ሌላ ሆነ፡፡ ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት በ1859 ቪክቶሪያ ውስጥ ጥቂት ጥንቸሎች አስመጣ፤ ዘራቸው ክፍለ አህጉሩን አለበሰው፡፡ መንግሥት በ1950 ማይክሶማ የተባለውን ቫይረስ ለቀቀባቸው፡፡

ላቦራቶሪ ውስጥ ያየችው መከራ የተለየ ነው፡፡ በ1944 ድሬዝ የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ዘዴ ኬሚካል በጥንቸል ዓይን ላይ ተጨምሮ ጉዳቱ ይለካ ጀመር፡፡ የተመረጠችውም ርካሽና ገራም ስለሆነች ነው፡፡ የቀድሞው መርከበኛና የኒው ዮርክ አስተማሪ ሄንሪ ስፓይራ በሚያዝያ 1980 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ፤ ሬቭሎን ለቁንጅና ሲል ስንት ጥንቸል ያሳውራል? ብሎ ጠየቀ፡፡ ዓመቱ ሳያልቅ ኩባንያው አማራጭ ዘዴ እንዲፈለግ ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ 750,000 ዶላር መደበ፡፡ የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከረ ኮስሞቲክስ እንዳይሸጥ ሙሉ በሙሉ የከለከለው በ2013 ነው፡፡ ሊፕስቲካችሁ ላይ የምትዘል ጥንቸል ካያችሁ የዚህ ክርክር ልጅ ናት፡፡

ከጓሮ የሽቦ ቤት ነፃ ያወጣቻት ግን አንዲት የካሊፎርኒያ ሴት ናት ብንል ብዙ አልተሳሳትንም፡፡ ማሪኔል ሃሪማን በ1985 ከተማ ውስጥ ከጥንቸል ጋር ስለመኖር መጽሐፍ አሳተመች፤ በ1988 ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ሀውስ ራቢት ሶሳይቲን መሠረተች፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጥንቸል እንደ ድመት ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ትኑር፡፡ ያቺ ያዙልን ያልናችሁ ጠባይ እዚህ ትመጣለች፡፡ በተወሰነ ቦታ መጸዳዳት ከዱር የመጣ ልማዷ ስለሆነ ድርቆሽ ያለበት ሳጥን ጥግ ላይ ቢቀመጥላት ቶሎ ትለምደዋለች፡፡ ካሮት ስትበላ የምናያት በካርቱን ነው፤ ለሷ ካሮት እንደ ከረሜላ ነው፡፡ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሚሞርደው፣ አንጀቷንም የሚያንቀሳቅሰው ድርቆሽ ነው፡፡ ሴቷ ካልመከነች የማህፀን ካንሰር በብዛት ያጠቃታል፡፡ የሚበላት አውሬ ብዙ ስለሆነ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ግማሽ ቀን ምግብ ካልነካች ወደ ሐኪም መሮጥ ነው እንጂ ‹‹ነገ ይሻላት ይሆናል›› አይሠራም፡፡ በደንብ ከተያዘች አሥር ዓመት ትኖራለች፤ የአንድ ልጅ ስጦታ ብለው የሚገዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፡፡

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ገበያና ምክር ቤት ገባ፡፡ ሆል ፉድስ በ2014 የጥንቸል ሥጋ መሸጥ ሲጀምር የጥንቸል ወዳጆች በሩ ላይ ተሰለፉ፤ በ2015 ተወው፡፡ ካሊፎርኒያ በ2017 ያጸደቀችውና ከ2019 መባቻ የጸናው ሕግ ደግሞ የቤት እንስሳት መደብሮች ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል ከመጠለያ የመጡ ካልሆኑ እንዳይሸጡ ያዝዝ ነበር፡፡ በአውስትራሊያዋ ክዊንስላንድ በተቃራኒው ጥንቸልን ለማዳ አድርጎ ቤት ማኖር ራሱ ወንጀል ነው፡፡ ፈቃድ መጠየቅ የሚችሉት እንደ ተመራማሪ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ ከነሱም አንዱ ከባርኔጣ ጥንቸል የሚያወጣው ባለምትሃት ነው፡፡